የድሮ ውድ ቤዝ ጊታራችሁን ለሥራ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣልኝ የድሮ ፌንደር ቤዝ አለኝ። ሰርግ ላይ ልጫወትበት ወይስ ቤት ይቀመጥ?» አንዱ አባቱ ሆቴል ውስጥ ይጫወትበት የነበረ ያማሃ አለው። ሌላዋ ከፈረሰ ባንድ የገዛችው ሆፍነር አላት። ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከምጽፍ እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ነገሩ በዋጋው ብቻ አይወሰንም። ሥራው የት ነው? መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ለእረፍት ከመድረክ ስትወርዱ ቤዙ የት ያርፋል? እነዚህን ሦስቱን በእጃችሁ ካስገባችሁ ይዛችሁት ውጡ፣ የተሠራው ለመጫወቻ ነው። ካላስገባችሁ ደግሞ የ10 ሺህ ብር ቤዝ ይሁን የ10 ዓመት ደሞዝ የሚያወጣ፣ ቤት ይቅር።

እኔ የምኖረው አለምገና ነው። ሥራዬም በአብዛኛው ዳር ዳሩን ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ። ቦሌ ያለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መጫወትና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መሐል በተተከለ ድንኳን ውስጥ መጫወት ጭራሽ አይገናኙም። ይህ መመሪያ በዋናነት ለሁለተኛው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ኬዝ። ለስላሳው ቦርሳ ለዚህ አይሆንም።
- ሁለተኛ ቤዝ፣ ርካሽም ቢሆን
- ቀዳዳው ያልሰፋ ማንገቻ
- ሁለት የቧንቧ ጓርኒሲዮን (የጎማ ቀለበት)። ከማንኛውም የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ታገኛላችሁ።
- አንድ ሜትር አቡጀዲ
- ሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
- መልቲሜትር፣ ትንሹና ርካሹም ይበቃል
- ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ያለው ኤክስቴንሽን
- ሁለት ጃክ (ቤዙን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘው ገመድ)፣ አንዱ ትርፍ
- ካቻቪቴ እና አንድ ሙሉ ትርፍ ክር
- ኬዙን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ላስቲክ
- አንድ አሮጌ ጋቢ

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

አሮጌ ሁሉ ውድ አይደለም። ውድ የሚያደርገው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ ሳይነካ መቆየቱ። የመጀመሪያው ቀለም፣ የመጀመሪያዎቹ ፒክአፖች (የክሩን ድምፅ የሚይዙት ማግኔቶች)፣ የመጀመሪያዎቹ መቃኛዎች፣ ውስጥ ያለው ብየዳ ሳይቀር። እንደገና ቀለም የተቀባ የድሮ ፌንደር ብዙ ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ያህል ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ቤዛችሁ ያልተነካ መሆን አለመሆኑን ነው።

እንዴት ታዩታላችሁ? ጃዝ ቤዝ የሚባለው የፌንደር ሞዴል ከሆነ ቀላል ነው። የቮልዩሙን ብረት ሳህን የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታነሱት ፖቶቹ (ቮልዩምና ቶን የሚቆጣጠሩት ክፍሎች) ጀርባ ላይ የተመታ ቁጥር ታያላችሁ። ለምሳሌ 1376612 ቢል፣ 137 ፖቱን የሠራው ፋብሪካ መለያ ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 12 ደግሞ ሳምንቱ። የአብዮቱ ዓመት 1966 እንዳይመስላችሁ። በፈረንጅ ነው፤ በእኛ መጋቢት 1958 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ይህ ቁጥር ቤዙ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ፖቱ በኋላ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ብየዳውን አብራችሁ እዩት። አዲስ የሚያብለጨልጭ ብየዳ ካለ ሰው ገብቶበታል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሪሲዥን ቤዝ የሚባለው ሌላው የፌንደር ሞዴል ከሆነ ቁጥሩን ለማየት ፊቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ማንሳት ግድ ነው። ከ1959 እስከ 1964 አካባቢ የተሠሩት ላይ ያለው ፕላስቲክ በእርጅና ይኮማተራል፣ ብሎኑ ሲፈታ ጥግ ጥጉ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያንን ለባለሙያ ተዉት። አንገቱንም ዓመቱን ለማየት ብላችሁ አትፍቱት።

ፌንደር ኩባንያው የተሸጠው በ1965 ነው። ገበያው ከዚያ በፊት የተሠሩትን ለይቶ ስለሚያይ ትልቁ የዋጋ ልዩነት ያለው እዚያ ጋ ነው። የ70ዎቹ የጃፓን ቤዞች በጣም ጥሩ መጫወቻዎች ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ቀለሙ የተቀየረ፣ ፒክአፑ የተለወጠ የድሮ ቤዝ ካላችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ እኔ ለመድረክ የምመርጠው እሱን ነው። ድምፁ አለ፣ የሚበላሸው «ያልተነካ» ስም ግን የለም።

ጊብሰን ያለው ሰው አንድ ነገር ለብቻው ይወቅ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ አንገቱም ብዙውን ጊዜ ከማሆጋኒ ነው፤ በጀርባው ከወደቀ የሚሰበረው ጭንቅላቱ ሥር ነው። የፌንደር አንገት ሜፕል ነው፣ ቀጥ ያለም ስለሆነ ያን ያህል አይሰበርም። ጊብሰን ከሆነ ውሳኔያችሁን አንድ ደረጃ አጥብቁት።

ደረጃ 2፦ ለሥራው ባለቤት ደውሉና ጠይቁ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ክፍያውንና ሰዓቱን ብቻ ነው። እነዚህንም ጨምሩ፦

- አዳራሽ ነው ወይስ ድንኳን? ድንኳን ከሆነ ከመድረኩ በላይ ያለው ሸራ ውሃ ያስገባል?
- መድረኩ ምንድን ነው? በርሜል ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው ወይስ ሲሚንቶ?
- መብራቱ የቆጣሪ ነው ወይስ የጄኔሬተር? መብራት ሲጠፋ ማን ነው የሚያበራው?
- ሳውንዱን የሚሠራው ማነው? ቁጥሩን ስጡኝ።
- ዕቃ የሚቀመጥበት የሚቆለፍ ክፍል አለ? ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?
- በስንት ሰዓት እንጨርሳለን፣ ማን ይመልሰናል?

የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቡራዩ መንገድ ዳር ቤዝ ተሸክማችሁ ኮንትራት ስትለምኑ ነው ዋጋው የሚገባችሁ።

ደረጃ 3፦ ወስኑ

እኔ የምጠቀምበት ሒሳብ ቀላል ነው። የአንድ ሌሊት ክፍያችሁን በ10 አባዙት። ከዚያ ቤዙ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ትንሹን ጉዳት አስቡ፤ አንድ መቃኛ ቢጣመም፣ ቀለሙ በሳንቲም ስፋት ቢላጥ። የመጠገኛው ወይም የሚቀንሰው ዋጋ ከአሥሩ ሌሊት ክፍያ ከበለጠ ለዚያ ሥራ አይወጣም። ትልቁን ጉዳት ማሰብ አያስፈልግም፣ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ትንሹ ነውና።

ሒሳቡ ቢፈቅድም እንኳ የሚከተሉት ላይ ቤት ይቅር፦

- ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለ የድንኳን ሥራ። ክረምት ነው፣ ምንም ክርክር የለውም።
- የሚቆለፍ ክፍል የሌለው ቦታ።
- ሁለተኛ ቤዝ ይዛችሁ መሄድ የማትችሉበት ሥራ። ክር ቢበጠስ ወይም ዝናብ ቢመጣ ውዱን ቤዝ ወደ ኬዝ መልሳችሁ በሌላው መቀጠል አለባችሁ። ተተኪ ከሌለ ግን ሁልጊዜ «ይህችን ዘፈን ልጨርስና» ትላላችሁ።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሰርጎች አታላይ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት የበልግ ዝናብ ይመጣል። የጥር ሰርግ ደግሞ ዝናብ የለውም፣ ሌሊቱ ግን ይቆረቁራል፤ ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቀዋል። ብርዱ ለምን እንደሚጎዳ ደረጃ 9 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 4፦ ፎቶና ቁጥር ያዙ

ቀን ብርሃን ላይ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የጭንቅላቱን ሁለት ጎን፣ ሴሪያል ቁጥሩንና እያንዳንዱን ጭረት አንሱ። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ ስልኩም አብሮ ሊሰረቅ ይችላል፤ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ወረቀቱን ወይም የግዢ ደረሰኙን ቅጂ አብራችሁ ያዙ። ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ «ቡናማ ጊታር ነው» ብትሉ ማንም ሊፈልግላችሁ አይችልም።

ደረጃ 5፦ ቤዙን ለመድረክ አዘጋጁት

ይህን ከሥራው አንድ ሳምንት በፊት ሥሩት። በዕለቱ ጠዋት አይደለም።

ማንገቻው። ከሁሉም በፊት እሱን። ሰበታ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነበርን። የቆዳ ማንገቻዬ ቀዳዳ በዓመታት አገልግሎት ሰፍቷል፣ አውቄዋለሁ፣ «ለዛሬ ይሁን» ብዬ ነው የወጣሁት። የሙሽራው ጓደኛ ሊሸልመኝ ወጣ፣ ብሩን ግንባሬ ላይ ለጠፈና አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ ቤዙ ትንሽ ከፍ አለ፣ ማንገቻውም ከታችኛው የማንገቻ መያዣ ብረት ላይ ተንሸራቶ ወጣ። አንገቱን በግራ እጄ ይዤው ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። የታችኛው ጥጉ ግን ጣውላው ላይ አረፈ። አውራ ጣት የሚያህል ቀለም ተላጠ፣ ሥሩ ያለው ነጭ እንጨት ታየ። ያ ቀለም ከ40 ዓመት በላይ እዚያው ነበር።

ስለዚህ፦ ማንገቻውን ብረቱ ላይ አስገቡ፣ ከዚያ በላዩ ላይ አንድ ጓርኒሲዮን ጎትታችሁ አስገቡ። ጎማው ማንገቻው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጎማው ከማንገቻው ውጭ በኩል ነው የሚሆነው፣ ቀለሙን መንካት የለበትም። የሚቆለፍ ማንገቻ መግዛት የፈለገ ይግዛ፣ ለሱ ብሎ ግን አዲስ ቀዳዳ አይብሳ። የሚፈታው የመጀመሪያ ብረትም ብሎንም በትንሽ ፌስታል ታስሮ ኬዙ ውስጥ ይቀመጥ።

ክሩ። የድሮ ቤዝ ላይ ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። አራቱንም በአንዴ ከፈታችሁት አንገቱ ከለመደው ውጥረት በድንገት ይላቀቃል፣ ሲመለስ እዚያው ቦታ ላይ ላይመለስ ይችላል። ውፍረቱንም አትቀይሩ፤ 45-105 ከነበረበት ያንኑ።

አንገቱ። የመጀመሪያውን ፍሬትና አንገቱ ሰውነቱ ላይ የሚያርፍበትን ፍሬት በአንድ ጊዜ ተጫኑ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሐል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚህ በጣም ከራቀ አንገቱ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ መስተካከል አለበት፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። ጠንክሮ እምቢ ካለ አቁሙ፣ የተበጠሰ ትረስ ሮድ ቤዙን በሙሉ ያሳጣል። የድሮዎቹ ፌንደሮች ላይ ብሎኑ ያለው ሰውነቱ በኩል ነው፣ አንገቱን መፍታት ሊጠይቅ ስለሚችል ይህ የሥራ ቀን ሥራ አይደለም።

ስታንዱ። የድሮ ቤዞች ብዙዎቹ የተቀቡት ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ቀለም ነው። ይህ ቀለም ከስታንድ ጎማና ስፖንጅ ጋር ሲቆይ ይሟሟል። አይታያችሁም፣ ሲነሳ ግን ጎማው ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ወይም የለሰለሰ ጠባሳ ትቶ ይነሳል። አቡጀዲውን ቅደዱና የስታንዱን ጎማዎች ሁሉ ሁለት ዙር ጠቅልላችሁ በክር እሰሩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፕላስቲክ ማንገቻም ኬዝ ውስጥ ቤዙ ላይ ተኝቶ አይደር፣ እሱም ያው ነው።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ኬዙ ላይ ያሉት የድሮ መቆለፊያዎች አይታመኑም። በቀበቶ ወይም በገመድ ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ እሰሩት። ኬዙ ውስጥ ቤዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢውን አጣጥፋችሁ ሙሉበት።

ዕቃ በጫነው አይሱዙ አትላኩት። ጄኔሬተርና ስፒከር ያለበት መኪና ውስጥ ኬዝ ሁልጊዜ ከላይ እንደተጫነ አይቀርም፣ ሰበታ እስኪደርስ ሥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይታሰርም። እናንተ ያላችሁበት መኪና ውስጥ፣ እግራችሁ ሥር ወይም ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ይሂድ።

መኪና ውስጥ ትታችሁት አትውረዱ፤ ለ10 ደቂቃ ምሳም ቢሆን። የፖል ማካርትኒ ሆፍነር የተሰረቀው በ1972 ለንደን ውስጥ ከቆመ ቫን ውስጥ ነው። ወደ እጁ የተመለሰው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያ እንግዲህ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ቤዝ ሆኖ ነው። ወደ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ስትወርዱ ደግሞ ከሌባው ሌላ ፀሐዩም አለ። የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ሙጫ ያላቅቃል፣ ቀለም ያለሰልሳል።

ደረጃ 7፦ መብራቱን ሳትፈትሹ ክሩን አትንኩ

ይህ ደረጃ ለቤዙ ሳይሆን ለእናንተ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የቤዙ ክሮች በብሪጁ (ክሮቹ ሰውነቱ ላይ በሚታሰሩበት ብረት) በኩል፣ በጃኩ አልፈው ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር ይገናኛሉ። ክር ነካችሁ ማለት የአምፕሊፋየሩን ብረት ነካችሁ ማለት ነው። ማይክ ደግሞ ከሚክሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። አምፕሊፋየራችሁ ከአንድ ቤት በተጎተተ ግራውንድ የሌለው ኤክስቴንሽን ላይ፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከጄኔሬተር ላይ ከሆነ በሁለቱ መሐል የቮልት ልዩነት ይኖራል። ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ መሐል ያለው ሽቦ እናንተ ናችሁ። እግራችሁ ሥር ሣሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

እንዲህ ፈትሹት፦

1. አምፕሊፋየሩም ሚክሰሩም ይብሩ። ቤዙ በጃክ ይሰካ። ማንም አይንካው።
2. መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉት፣ ከ220 በላይ የሚያነበውን ምረጡ።
3. አንዱን ጫፍ ብሪጁን አስነኩ፣ ሌላውን የማይኩን ወንፊት። ጣታችሁ የጫፎቹን ብረት አይንካ።
4. ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ካለ ችግር የለም። ከዚያ በላይ ከሆነ አቁሙ። ገላን አካባቢ አንድ ጊዜ 90ን አልፎ አንብቤያለሁ፤ ያን ቀን ሳውንድ ቼክ ሳይሆን ኤሌክትሪሺያን ነው የጠራነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ግራውንድ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ አምጡ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ። ካልተስተካከለ የቤዝ ዋየርለስ ተጠቀሙ፤ ሽቦው ስለሚቋረጥ ክሩና አምፕሊፋየሩ አይገናኙም። እሱም ከሌለ በዚያ መብራት አትጫወቱ፣ ክሩንም ማይኩንም አትንኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ድምፁ «እምም» እያለ ነው ብላችሁ የሶኬቱን ግራውንድ አትቁረጡ፣ በላስቲክም አትሸፍኑት። ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ድምፅ ወደ ሚክሰር የሚያስገባው ሳጥን) ላይ ያለችው የግራውንድ ማብሪያ ማጥፊያ ለዚህ ነው የተሠራችው፤ የድምፁን መስመር ብቻ ትለያለች፣ የእናንተን ጥበቃ አትነካም። የድሮ ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ስትከፍቱም ጩኸቱ ይቀንሳል።

ብዙዎች «ጄኔሬተሩ ቤዜን ያቃጥልብኛል» ብለው ይጠይቁኛል። አያቃጥልም። የድሮ ቤዝ ውስጥ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ ነው ያለው፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣ ኃይል የለም፤ ቤዙ ነው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው። የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አብሩ። ከአሜሪካ ከቤዙ ጋር አብሮ የመጣ አምፕሊፋየር ካላችሁ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ካለ እዚህ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይሄዳል፣ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ መድረክ ላይ

ቦታችሁን ምረጡ። ሸላሚው የሚወጣው በፊት ለፊት ነው፣ ስለዚህ ከድራሙ አጠገብ ወይም ከኪቦርዱ ጀርባ ቁሙ። ሰው ሲያቅፋችሁ ቤዙን ወደ ጎን አዙሩት፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት የሚቧጭሩት ፊቱን ነው።

አምፕሊፋየር ላይ ተደግፎ አይቁም። ባሱ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፣ ቤዙም ትንሽ በትንሽ ይንሸራተታል። ለእረፍት ስትወርዱ ስታንድ ላይም አይቁም፣ ወደ ኬዙ ይግባ፣ ኬዙ ይዘጋ። የተከፈተ ኬዝ ላይ ሰው ብርጭቆ ያስቀምጣል።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ክሩ ይኮማተራል፣ ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል። ድንኳኑ በሰው ሲሞላና ሲሞቅ ደግሞ ይወርዳል። መቃኛዎቹ የድሮ ስለሆኑ በኃይል አታዙሯቸው፤ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አምጡት።

የዝናብ ጠብታ ሸራው ላይ ስትሰሙ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ተተኪው ቤዝ ለዚህ ነው የመጣው።

ደረጃ 9፦ ቤት ስትገቡ

ክሩንና አንገቱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ፣ ላብ ብሪጁንና ፒክአፑን ያዝጋል። ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ግን ኬዙን ወዲያው አትክፈቱት። ለጥቂት ሰዓታት እንደተዘጋ ተዉት፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። የቀዘቀዘ ቀለም ሞቃት አየር በድንገት ሲያገኘው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ጤዛም ይይዘዋል። ከዚያ አውጥታችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ኬዙ ራሱ እርጥብ ከሆነ ሳይደርቅ ቤዙን አትመልሱበት።

ቤት ካስቀራችሁት፦ ርካሹን ቤዝ እንደ ድሮው ማሰማት

ሰው ከድሮ ቤዝ የሚወደውን ያን ወፍራምና አጭር ድምፅ ግማሹን የሚያመጣው ክሩ ነው። ማንኛውም ደህና ቤዝ ላይ ፍላትዋውንድ የሚባለውን ለስላሳ ክር ግጠሙ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡና ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገቡ፤ ክሩን ይንካ፣ አይጫነው። በጣም ከተጫነው ድምፁ ይሞታል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ቶኑን እስከ ግማሽ ዝጉት። ጭፈራ ላይ ያለ ሰው ይህንንና የ1962ቱን ፕሪሲዥን ለይቶ አይነግራችሁም። ስቱዲዮ ስትገቡ ግን ዋናውን ይዛችሁ ግቡ፣ እዚያ ይሰማል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- «ያምርበት» ብሎ ቀለም ማስቀባት ወይም በመኪና ሰም መወልወል።
- የሚንኮሻኮሽ ፖት ሲያጋጥም ፖቱን መቀየር። መጀመሪያ የኮንታክት ክሊነር ስፕሬይ ይሞከር፤ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ብቻ ነው።
- የተቀየረውን የድሮ ዕቃ መጣል። የተበላሸ ፒክአፕም ቢሆን አስቀምጡት፣ የቤዙ ዋጋ አካል ነው።
- ቤዙ ውድ መሆኑን መድረክ ላይ ማውራት።
- ለአንድ ዘፈን ብሎ ለማያውቁት ሰው ማዋስ።
- ለዓመታት ኬዝ ውስጥ ቆልፎ መርሳት። ክረምት ላይ ሻጋታ ያወጣል። በወር አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ተጫወቱበት፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ኬዙ ውስጥ ጨምሩ።

ከአገር ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ነገር። እስከ 60ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩ ብዙ ቤዞች የጣት ማረፊያቸው የብራዚል ሮዝዉድ ነው። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ከፍተኛ ጥበቃ ሥር ነው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል። ፈቃዱን ጉዞው ሳይደርስ አስቀድማችሁ አስጨርሱ።

ከወደቀ ወይም ከረጠበ

ከወደቀ መጀመሪያ መጫወት አቁሙ። የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ እንጨት፣ የወለቀ ብሎን፣ ምንም ትንሽ ቢሆን ከወለሉ ልቀሙና በወረቀት ጠቅልሉ። ባለሙያ እነዚያኑ ቁርጥራጮች መልሶ ሊገጥማቸው ይችላል። በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ በተሳሳተ ቦታ አንዴ ከያዘ በኋላ በትክክል ሊጠገን አይችልም።

ከረጠበ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ጥላ ውስጥ በክፍሉ አየር ይድረቅ። ፀጉር ማድረቂያ፣ ፀሐይ፣ ከሰል አጠገብ፣ አንዱም አይሆንም።

ጭንቅላቱ ሥር ወይም አንገቱ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አራቱንም ክሮች አላሉ፤ ውጥረቱ ስንጥቁን በየደቂቃው እየከፈተው ነው። ኬዙ ውስጥ አስተኙት፣ ባለሙያ ሳያየውም ክሩን መልሳችሁ አትወጥሩ።